ደብረ ብርሃን ላይ ቦስቱ አነሰብኝ፤ ትንሽ ፑሌጃ ላስገባ? (ታኮማ ፒካፕ ከነሱፐርቻርጀሩ)

የሽንኩርት መንገድ

ሰላም ወገኖች። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ያለኝ ቶዮታ ታኮማ ነው። ሞተሩ 4.0 ቪ6 ቤንዚን ነው። ከአሜሪካ የመጣው ሱፐርቻርጀር (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ማሽን) ተገጥሞለት ነው። የእሁድ መኪና አይደለም። ጠዋት ልጆች ትምህርት ቤት ያደርሳል፣ ከዚያ ሥራ ይገባል። ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት እየወረድኩ ሽንኩርትና ማሾ ጭኜ ጣርማ በርን እወጣለሁ። አልፎ አልፎ አዲስ አበባም እገባለሁ።

ከመኪናው ጋር የመጣው ወረቀት ቦስቱ፣ ማለትም የሚጨምረው የአየር ግፊት፣ ወደ 6 ፒኤስአይ ነው ይላል። ጌጅ አስገጠምኩለት። ደብረ ብርሃን ላይ እስከ መጨረሻው ብረግጠውም ከ4 ብዙ አያልፍም። አንድ ጋራዥ ሳሳያቸው «ሱፐርቻርጀሩ ደክሟል፣ ትንሽ ፑሌጃ አስገባለትና የጎደለው ይመለሳል» አሉኝ። ፑሌጃውን (ቺንጋው የሚያዞረውን የሱፐርቻርጀሩን ክብ ብረት) ከውጭ የሚልክልኝ ዘመድ አለ። ግን ይህ መኪና የቤተሰቤ እንጀራ ነው። ሞተሩ ቢሄድብኝ ሌላ የለኝም። የሞከራችሁት ካላችሁ ምከሩኝ።

ዝቅተኛ ማርሽ

ወንድሜ፣ አስገባለት እንጂ! አየራችን ስስ ነው። አሜሪካኖቹ ለባሕር ዳርቻ የሠሩትን ፑሌጃ ይዘህ ደብረ ብርሃን ላይ ምን ትጠብቃለህ? የፑሌጃው ስፋት በ10 በመቶ ቢያንስ ሱፐርቻርጀሩ 11 በመቶ ገደማ ፈጥኖ ይዞራል። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ዳገቱ ላይ ልዩነቱን በደንብ ታየዋለህ።

አሮጌ ቁልፍ

ልጄ፣ ፑሌጃውን ከማስላክህ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ። ጌጅህን ሮቢት ላይ ረግጠህ አይተኸዋል? ይህ ሳይታይ ማንም ሰው «ደክሟል» ሊልህ አይችልም።

ጌጁ የሚያሳይህ ሞተሩ የሚያገኘውን ጠቅላላ ግፊት አይደለም። ከውጭው አየር በምን ያህል እንደበለጠ ብቻ ነው። ባሕር ጠለል ላይ የውጭው አየር ራሱ 14.7 ፒኤስአይ ይጫናል። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ላይ ናት። እዚህ የውጭው አየር 10.4 አካባቢ ነው፤ 30 በመቶ ያህሉ የለም። ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች 12.6 አካባቢ ታገኛለህ።

ያንተ ዓይነት ሱፐርቻርጀር በቺንጋ ከክራንኩ ጋር ታስሯል። ሞተሩ በዞረ ቁጥር የተወሰነ አየር ያነሳል። ስለዚህ ያገኘውን አየር በተወሰነ እጥፍ ያምቃል እንጂ በየቦታው እኩል 6 ፒኤስአይ አይጨምርም። ባሕር ጠለል ላይ 14.7ቱን 20.7 ካደረገው፣ 1.4 እጥፍ ነው። አሁን 10.4ን በ1.4 አባዛው። 14.6 ይመጣል። የውጭውን 10.4 ስትቀንስለት 4.2 ይቀርሃል። ጌጅህ ላይ ያየኸው ይኸው ነው። ማሽንህ እኮ አልደከመም፤ ወረቀቱ የተጻፈው ለሌላ አገር ነው።

ሌላም ነገር ልብ በል። 14.6 ማለት ሱፐርቻርጀር የሌለው መኪና ባሕር ጠለል ላይ ቆሞ የሚያገኘው አየር ነው። ታኮማህ ደብረ ብርሃን ላይ ልክ እንደ ተራ ታኮማ ቢሰማህ ትክክል ነህ፣ ተሳስተህ አይደለም። ሱፐርቻርጀሩ እዚህ የሚሠራው ከፍታው የወሰደውን መመለስ ነው። ይህ ራሱ ትልቅ ሥራ ነው።

ዝቅተኛ ማርሽ

ጋሼ፣ ስሌትዎን ተቀብያለሁ። ግን እኮ የእኔን ሐሳብ ነው የሚያጠናክሩልኝ። ከፍታው ከወሰደበት በፑሌጃ እንመልስለት ነው የምለው። ወደ 8 ፒኤስአይ የሚወስድ ፑሌጃ ቢገባ ደብረ ብርሃን ላይ 5 ተኩል አካባቢ ያያል። የተሠራበትን እንኳ አላለፈም።

አሮጌ ቁልፍ

ልጄ፣ መኪናው ከደብረ ብርሃን ጫጫ፣ ከጫጫ ሼኖ እየተመላለሰ ደጋ ላይ ብቻ ቢኖር ኖሮ ካንተ ጋር አልከራከርም ነበር። ግን ሰውየው ሮቢት ይወርዳል።

ያንተን ፑሌጃ እንውሰድ። ባሕር ጠለል ላይ 8 ፒኤስአይ ማለት 1.54 እጥፍ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ 5.6 ያሳያል፤ እሺ፣ ደስ ይላል። ሮቢት ላይ ግን 12.6 ሲባዛ በ1.54፣ ጠቅላላው 19.4 ነው። ጌጁ 6.8 ይላል። በዚያ ላይ ሙቀቱ አለ። በዚያ ላይ ሽንኩርቱ ተጭኗል። በዚያ ላይ ዳገቱ የሚጀምረው ከዚያው ነው። ከሮቢት ተነስተህ አርማንያን፣ ደብረ ሲናን አልፈህ ከ3,000 ሜትር በላይ እስክትወጣ ሞተሩ እረፍት የለውም።

የኛ መንገድ ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። ሞተሩ በጣም የሚለፋው አየሩ በጣም ወፍራምና በጣም ትኩስ የሆነበት ቦታ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ተስተካክሎ ደብረ ብርሃን ላይ የተሞከረ ቦስት ስለ ሮቢት ምንም አይነግርህም። ቦስት የሚወሰነው መኪናው በሚደርስበት ዝቅተኛ ቦታ፣ በሞቃቱ ወር፣ በሙሉ ጭነት ነው። እዚያ ላይ ከቻለ ደጋ ላይ አያቅተውም።

የሼኖዋ መምህር

ጋሼ የጀመሩትን ልቀጥል። አውቶሞቲቭ ስለማስተምር ይህ ጉዳይ ሁሌም ያሳስበኛል። ብዙ ሰው ቦስትን እንደ ጉልበት ብቻ ያየዋል። ከቦስቱ ጋር የሚመጣውን ሙቀት አያሰላም።

አየር ሲታመቅ ይሞቃል። እንዲህ ዓይነቱ ሱፐርቻርጀር ደግሞ አየሩን ከሚገባው በላይ ያሞቀዋል። ሮቢት ላይ የውጭው አየር 35 ዲግሪ ነው እንበል። በ1.4 እጥፍ ሲታመቅ ማቀዝቀዣ ከሌለው ወደ 90 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ይወጣል። በ1.54 እጥፍ ከ100 ያልፋል። ደብረ ብርሃን ላይ፣ በ15 ዲግሪ ቀን፣ ያው ትንሹ ፑሌጃ 85 አካባቢ ነው የሚያወጣው። እነዚህ በስሌት የመጡ ግምቶች ናቸው፤ አቅጣጫቸው ግን አይለወጥም። የሮቢት አየር አሁን ባለው ትልቁ ፑሌጃ እንኳ ከደብረ ብርሃን አየር በትንሹ ፑሌጃ ይበልጥ ይሞቃል።

ያ ትኩስ አየር ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ እንደገና ይታመቃል። ይህ ሞተር ራሱ 10 ለ 1 ያምቃል። ለሱፐርቻርጀር ተብሎ ዝቅ የተደረገ ፒስተን የለውም። ሙቀቱ ሲበዛ ከቤንዚኑ ከፊሉ ካንዴላው የለኮሰው እሳት ሳይደርስበት በራሱ ይፈነዳል። ኖክ የምንለው ይህ ነው። ትንሽ ትንሽ ሲሆን መጮኹን ላትሰማ ትችላለህ። ሲቆይ ፒስተኑን ይሰብራል፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ይበላል።

አሁን ወደ ቤንዚኑ። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ዕቃ ሲሸጥ 91 ኦክቴን ተጠቀም ይባላል። የአሜሪካ 91 የሁለት መለኪያዎች አማካይ ነው። አብዛኛው ዓለም በሚጠቀምበት መለኪያ ወደ 95 ወይም 96 ይጠጋል። ስለዚህ አንድ ሰው «የኛም 91 ነው» ካለህ ስለ የትኛው 91 እንደሆነ ጠይቀው። እኛ ማደያ ሄደን ከፍ ያለውን ቅዳልኝ የምንልበት አማራጭ የለንም። የተቀዳልንን ይዘን ነው ዳገት የምንወጣው።

ወንድሜ፣ አንድ ነገር አድርግ። የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ ተራ ኦቢዲ ስካነር ግዛ፣ ከስልክህ ጋር የሚገናኘው ይበቃል። «ታይሚንግ አድቫንስ» የሚለውን (ካንዴላው ምን ያህል ቀድሞ ብልጭታ እንደሚሰጥ ነው) እና የሚገባውን አየር ሙቀት እያየህ ዳገቱን ውጣ። ሙቀቱን ከየት እንደሚወስደው ልብ በል። የብዙ ቶዮታ ሙቀት ዳሳሽ ከፊልትሮው ጋር፣ ከሱፐርቻርጀሩ በፊት ነው ያለው። ስለዚህ የታመቀውን አየር አያሳይህም፤ 40 ብሎህ ውስጥ 95 ሊሆን ይችላል። ታይሚንጉ ግን አይደብቅህም። ኖክ ሲኖር ኮምፒውተሩ ታይሚንጉን ወደኋላ ይጎትታል። እየነዳህ ስልክ አትይ፤ ሰው አጠገብህ ይቀመጥና ይመዝግብ።

መንዜው

እኔ ሂሉክስ ናፍጣ ነው ያለኝ፣ ሞተሩ 1ኬዲ የሚባለው 3.0 ነው። መሐል ሜዳ ነው የምሠራው። ገብስ እጭናለሁ፣ በጎችም እጭናለሁ። አንድ ልጅ ቱርቦውን ከፍ አድርጌ ላስተካክልልህ እያለኝ ነው። የጋሼ ስሌት ለኔም ይሠራል? እኔ ቆላ አልወርድም፣ ሁሌም ደጋ ነኝ። እንግዲያው ለኔ ምንም አይለኝም ማለት ነው?

አሮጌ ቁልፍ

መንዜው፣ እንኳን ጠየቅህ። ያንተ ተገላቢጦሽ ነው።

ቱርቦ በቺንጋ አልታሰረም። የሚያሽከረክረው ጭሱ ነው። ኮምፒውተሩ ይህን ያህል ግፊት እፈልጋለሁ ሲል፣ አየሩ ስስ ከሆነ ቱርቦው ፈጥኖ በመዞር ይሞላዋል። መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት። ቱርቦህ እዚያ ቆላ ካለው ወንድሙ ይልቅ አሁንም ፈጥኖ እየዞረ ነው። በዚያ ላይ ቦስት ጨምር ስትለው ዘንጉና ኩሽኔታው ከተሠሩበት ፍጥነት ያልፋሉ። ሱፐርቻርጀር ሮቢት ላይ ነው የሚሠጋለት፤ ቱርቦ መሐል ሜዳ ላይ።

1ኬዲ ደግሞ የራሱ የታወቀ በሽታ አለው። ኢንጀክተሮቹ ሥር ያለችው የመዳብ ማተሚያ ስታፈስ ጭሱ ወደ ዘይቱ ይገባል። ዘይቱ ጥላሸት ይሠራል፣ ከታች ያለውን የዘይት መሳቢያ ወንፊት ይደፍናል። ዘይት ያጣ ቱርቦ ወዲያው ይሄዳል። ከቱርቦው ቀጥሎ ሞተሩ ራሱ። ስለዚህ ለማስተካከያ የምትከፍለውን ብር ማተሚያዎቹን ለማስለወጥና ወንፊቱን ለማስፈተሽ አውለው። ናፍጣ ላይ ጉልበት የምትፈልግ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የጭስ ሙቀት መለኪያ አስገጥም። ከቱርቦው በፊት ለረጅም ዳገት ወደ 700 ዲግሪ ከተጠጋ እግርህን አንሳ።

መንዜው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ። ወንፊቱን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ነገ አስከፍተዋለሁ።

የሽንኩርት መንገድ

ወገኖች፣ ተመልሻለሁ። ጋሼ እንዳሉት ሮቢት ላይ ረገጥኩት። ወንድሜ አጠገቤ ተቀምጦ ሲመዘግብ ነበር።

ሮቢት ላይ ጌጁ ከ5 አለፍ ብሎ አሳየ። ደብረ ብርሃን ላይ ያው 4.2 አካባቢ ነው። ጣርማ በር ዋሻው አፍ ላይ 4። ስለዚህ ሱፐርቻርጀሩ ጤነኛ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የሆነ ነገር ግን አለ። ሞተሩ 3,000 ዙር ላይ ሲሆን እነዚህን ቁጥሮች ይሰጣል፤ ወደ 5,000 ሲጠጋ ጌጁ ወደ 3 ይወርዳል። ይህ የሁሉም ቦታ ነው።

ታይሚንጉን በተመለከተ እህቴ ያሉት ታይቷል። ከሮቢት ተነስቼ አርማንያ እስክደርስ ጥሩ ነበር። ከዚያ በኋላ በጭነት ዳገቱ ሲጸና ታይሚንጉ በግልጽ ወደኋላ ይሄዳል። እግሬን አንስቼ ትንሽ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ጣርማ በር ላይ ስደርስ ምንም ችግር የለም። ይህ እንግዲህ በትልቁ ፑሌጃ ነው።

የሼኖዋ መምህር

ጥሩ አድርገህ መዝግበሃል። ሁለቱን ነገር ለየብቻ እንያቸው።

ታይሚንጉ በፋብሪካው ፑሌጃ ወደኋላ ከሄደ ለተጨማሪ ቦስት ቦታ የለም። ፑሌጃ ቀይረህ የጨመርከውን ግፊት ኮምፒውተሩ በታይሚንግ መልሶ ይወስድብሃል። ተጨማሪ ቤንዚን ታቃጥላለህ፣ ተጨማሪ ሙቀት ታመጣለህ፣ ዳገቱ ላይ ግን ያው ነህ። እሱም ኖክ ዳሳሹ ከደረሰበት ነው። ዳሳሹ የሚሠራው ኖኩን ከሰማ በኋላ ስለሆነ፣ ሁሌም ትንሽ ዘግይቶ ነው የሚያድንህ።

5,000 ላይ መውረዱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ይህን ጋሼ ይናገሩ።

አሮጌ ቁልፍ

5,000 ላይ የሚወርድ ቦስት ከሦስት ነገር አንዱ ነው። ቺንጋው ይንሸራተታል፣ ወይም የአየር ፊልትሮው ታፍኗል፣ ወይም ባይፓስ የምንላት፣ የታመቀውን አየር ወደኋላ የምትመልስ ክዳን አትዘጋም። ክዳኗ ካልዘጋች ግን ብዙውን ጊዜ ዝቅ ባለ ዙርም ይጎድልሃል። ያንተ 3,000 ላይ ሙሉ ስለሆነ ቺንጋውንና ፊልትሮውን እጠረጥራለሁ።

ሞተሩ ጠፍቶ ቺንጋውን እየው። ጎኑ ካንጸባረቀ፣ እንደ መስታወት ከለሰለሰ፣ ተንሸራቷል። ወጣሪውንም ተመልከት፤ ጸደዩ ይደክማል። የኛን አገር ቅዝቃዜም ቺንጋ አይወደውም። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱን ውርጭ የመታው ቺንጋ ጠዋት ሲነሳ ይጮኻል። ሲጮኽ ቅባት የሚቀባ ሰው አለ፤ እንዳትሞክረው። ያንኑ መንሸራተት ነው የሚያባብሰው።

ፊልትሮህን ደግሞ አውጥተህ ወደ ፀሐይ ያዘው። የገጠር መንገድ ስለምትገባ አቧራው ይሞላዋል። በአየር እየነፉ መመለስ ልማድ ሆኗል። ለሱፐርቻርጀር ግን አይሆንም። ወረቀቱ ከተበሳ አቧራው በቀጥታ ሱፐርቻርጀሩ ውስጥ ወደሚዞሩት ሁለት ሮተሮች ይሄዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት በጣም ጠባብ ነው፤ ከተፋቁ አይታከሙም። አዲስ ግዛ።

ይህንንም ዝቅተኛ ማርሽ ይስማው። ትንሽ ፑሌጃ ቺንጋው የሚይዘው ቦታ ያነሰ ነው። አሁን በትልቁ የሚንሸራተት ቺንጋ በትንሹ ይብሳል። ጋራዡ የመከረህን ብታደርግ ኖሮ ቦስቱ ሳይጨምር ቺንጋ እየበላ ይኖር ነበር።

ዝቅተኛ ማርሽ

እሺ ጋሼ፣ ተማርኩ። ስለ ሮቢት አላሰብኩም ነበር፤ የምኖረውም የምነዳውም ደጋ ላይ ነው። ግን ለዕውቀት ያህል አንድ ሰው የግድ መጨመር እፈልጋለሁ ቢል፣ በደህና የሚሆንበት መንገድ የለም?

አሮጌ ቁልፍ

አለ። ፑሌጃው ግን መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው።

መጀመሪያ ኮምፕረሽን ይለካል። ሲሊንደሮቹ ተቀራራቢ ካልሆኑ ወሬው እዚያው ያበቃል። ቀጥሎ ነዳጁ ነው። አየር ሲጨምር ቤንዚንም አብሮ መጨመር አለበት። ኢንጀክተሮቹ ከአቅማቸው 85 በመቶ ገደማ በላይ እየተከፈቱ ከሆነ የቀራቸው የለም። የቤንዚን ፖምፓው አሮጌ ከሆነ ግፊቱ ዳገት ላይ ይወርዳል። ስለዚህ ጭስ ማውጫው ላይ የአየርና ቤንዚን ልክ የሚለካ፣ ዋይድባንድ የሚባለው ዳሳሽ ይገጠማል። ሙሉ ቦስት ላይ ለአንድ እጅ ቤንዚን ከ11.5 እስከ 12 እጅ አየር መሆን አለበት። 13 ካየህ እግርህን አንሳ፤ ቤንዚን አንሶታል፣ ፒስተን የሚቀልጠው ያኔ ነው።

ከዚያ ማቀዝቀዣ። የታመቀውን አየር የሚያቀዘቅዝ ኢንተርኩለር ከሌለ እኔ ለጭነት መኪና ቦስት አልጨምርም። ከዚያ በኮምፒውተሩ ላይ ታይሚንጉን የሚያስተካክል፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው። ማስተካከያው የሚደረገው ደግሞ ሮቢት ወርዶ ነው፣ ከነጭነቱ። ይህ ሁሉ ከተሟላ በኋላ ፑሌጃው ይግባ። ዋጋውን ደምሩት። ነዳጅ የሚጠቀም የግል መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ የሞተር ምትክ ማግኘት እንደ ድሮው እንዳልሆነም ደምሩበት።

ጣርማ በር ሥር

በዚያ መንገድ ላይ ስለምኖር አንድ ቃል ልጨምር። ሁላችሁም ስለ መውጣት ነው የምታወሩት። በየጊዜው የምናየው አደጋ መውረዱ ላይ ነው። ጉልበት የተጨመረለት መኪና ብዙ ይጭናል፣ ፍሬኑ ግን ያው ነው። ከዋሻው ወጥታችሁ ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ በከባድ ማርሽ ውረዱ። ወንድሜ የሽንኩርት መንገድ፣ ያንተ ኦቶማቲክ ከሆነ ማርሹን ራስህ ዝቅ አድርገህ ያዘው። ለፑሌጃው ያሰብከው ብር ካለ የፍሬን ሸራና የፍሬን ዘይት ይቅደም።

የሽንኩርት መንገድ

አዎ፣ ኦቶማቲክ ነው። ፍሬኑን ሰሞኑን አስፈትሸዋለሁ፣ አመሰግናለሁ።

ቺንጋው ጋሼ እንዳሉት አንጸባርቋል። ፊልትሮው ደግሞ በአየር ሲነፋ የኖረ ነው፣ ጥጉ ላይ ተሰንጥቋል። ሁለቱንም በአዲስ ለወጥኳቸው። አሁን 5,000 ላይም ቁጥሩ አይወርድም። ዳገቱ ላይ ለውጡ በደንብ ይታያል። ፑሌጃውን ትቼዋለሁ፤ ለዘመዴም እንዳይልክ ነግሬዋለሁ።

የቀረኝ የአርማንያው ታይሚንግ ነው። ካንዴላ ብለውጥ ይረዳኛል?

የሼኖዋ መምህር

ይረዳሃል። አንድ ደረጃ ቀዝቃዛ የሆነ ካንዴላ ፈልግ። ቀዝቃዛ ማለት ሙቀቱን ቶሎ ወደ ቴስታታው የሚያስተላልፍ ነው። ክፍተቱን ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር አድርገው፤ ሰፊ ክፍተት ላይ ቦስቱ ብልጭታውን ያጠፋዋል። ሁለት ደረጃ አትውረድ። ጠዋት በውርጭ ልጆች ስታደርስ አጭር መንገድ ነው፤ በጣም ቀዝቃዛ ካንዴላ እዚያ ላይ ይጠቁራል።

ራዲያተርህንም አሳጥብ። ከሮቢት ስትነሳ ኤሲውን አጥፋ። ከአርማንያ በኋላ ማርሽ ዝቅ አድርገህ ዙሩን 3,500 አካባቢ ያዝ እንጂ በከፍተኛ ማርሽ እስከ መጨረሻው አትርገጥ። ኖክ የሚወደው ዝቅ ያለ ዙር ላይ ሙሉ መርገጥን ነው።

አሮጌ ቁልፍ

ሱፐርቻርጀሩ የራሱ ዘይት እንዳለውም አትርሳ። ከሞተሩ ዘይት ጋር አይገናኝም። ፊት ለፊቱ ካለው ማርሽ ቤት ላይ መሙያ ብሎን አለች፤ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ይታያል። ለእሱ ተብሎ የሚሸጠውን ነው የምትሞላው፣ የካምቢዮ ዘይት እንዳይሞሉብህ። ቀለሙ ጠቁሮ ካገኘኸው ወይም ብረት ብረት ከሸተተህ ፎቶ አንስተህ እዚህ ለጥፈው።